ችግሩ በነጩ በኩል ነበር፦ ለጠባሴው «የቮልሱ ጋሼ» ምስጋና

ሰላም ለደብረ ብርሃንና ለአካባቢዋ ሰዎች። ዛሬ አንድ መካኒክ ላመሰግን ነው የመጣሁት። አሮጌ ቮልስ ያላችሁ፣ ወይም ሌላ ባለ ካርቡራተር (ቤንዚንን ከአየር የሚቀላቅለው ክፍል) መኪና የምትነዱ፣ እኚህን ሰው እወቋቸው።

ስማቸውን አልጽፍም። ራሳቸው ናቸው «ስሜን ተይው፤ ስራዬን ከወደድሽው ይበቃኛል» ያሉኝ። ሰፈሩ የሚጠራቸው «የቮልሱ ጋሼ» ብሎ ነው። ጠባሴ ገብታችሁ እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ። ልጆቹ ሳይቀሩ እስከ በራፋቸው ያደርሷችኋል።

መኪናዋ የአባቴ ናት። እ.ኤ.አ. በ1972 የተሰራች ባለ 1300 ቮልስ። አባባ የሚኖረው ደብረ ሲና ነው። ጉልበቱን ካመመው ወዲህ መንዳት ስላቆመ መኪናዋ እኔ ጋ ናት። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ወደ እሱ እወርዳለሁ። ብርዱ ሲጠናበት ደግሞ ሸዋ ሮቢት አክስቴ ቤት አደርሰዋለሁ፤ ሙቀቱ ለጉልበቱ ይስማማዋል። መንገዱን የሄዳችሁበት ታውቁታላችሁ። ጣርማ በር ላይ ጉም ሲወርድ ከፊት ያለው መኪና አይታይም። ከዋሻው በኋላ ቁልቁለቱና ጥምዝምዙ ይከተላል። እዚያ ላይ በሚንገጫገጭ ሞተር፣ ያውም ሽማግሌ ይዞ መሄድ ልብ ያወልቃል።

የመኪናዋ ህመም እንዲህ ነበር። ጠዋት ስትነሳ ሚስ ታደርጋለች፣ እየተቆራረጠች ትሰራለች። ቆማ ስትሰራ ትንቀጠቀጣለች። ዳገት ላይ ጉልበት የላትም። ቁልቁለት ላይ ነዳጅ ስለቅ ማርሚታዋ (የጭስ ማውጫዋ) ይተኩሳል። አንድ ቀን ደብረ ሲና መግቢያ ላይ መንገድ ዳር የነበሩ በጎችን በትናለች። ካንዴላ (ቤንዚኑን በእሳት ብልጭታ የሚያቀጣጥለው) ሲፈታ በተሳፋሪው በኩል ያሉት ሁለቱ ጥላሸት ለብሰዋል። በሹፌሩ በኩል ያሉት ሁለቱ ግን ንጹህ ናቸው። እንዲያውም ነጣ ብለዋል።

ይህን ያየ ሰው ሁሉ የታመሙት ጥቁሮቹ ናቸው ይላል። እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው። መጀመሪያ የወሰድኳት ጋራዥም እንዲሁ አለ። ሶስት ጊዜ ካንዴላ ቀየሩልኝ። ሶስቱንም ጊዜ ጥቁሮቹን ሁለቱን ብቻ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አዲሶቹም ይጠቁራሉ። ቀጥሎ ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ቦቢናው ነው ተባለና ቦቢና ተቀየረ። ከዚያ ካርቡራተሩን ፈቱትና «ቤንዚን ጨመርንላት» አሉኝ። እውነትም መንቀጥቀጡ ትንሽ ቀነሰ። ጥላሸቱ ግን ባሰበት። በመጨረሻ «በዚያ በኩል ፋሻው (ዘይት ወደ ሲሊንደሩ እንዳይገባ የሚያግደው የፒስተን ቀለበት) አልቋል፣ ሞተሩ ወርዶ ይታደስ» አሉ። የጠሩት ዋጋ እንቅልፍ ነሳኝ። ከዋጋው በላይ ያሳዘነኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ጥያቄውን የምጠይቀው እኔ፣ መልሱ የሚነገረው አብሮኝ ለመጣው ታናሽ ወንድሜ። ወንድሜ መንጃ ፈቃድ እንኳ የለውም።

ወደ ጋሼ የላከችኝ የስራ ባልደረባዬ ናት። እግዜር ይስጣት።

ጋሼ መጀመሪያ ቁልፍ አላነሱም። በርጩማ አቀረቡልኝና ይጠይቁኝ ጀመር። «የት የት ትነጃታለሽ? የሚብስባት ቀዝቅዛ ሳለች ነው ወይስ ከሞቀች በኋላ? የምትተኩሰው ነዳጅ ስትረግጪ ነው ስትለቂ?» ይህን ሁሉ እስከዚያ ቀን ድረስ ማንም አልጠየቀኝም። «ስለቅ ነው» ስላቸው ቀና አሉ። አጠገባቸው ለቆመችው ተለማማጅ «ሰማሽ?» አሏት። እሷም ወዲያው «አየር ነው እንዴ ጋሼ?» አለች። «ቆይ፣ እንይ» አሉ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በዝርዝር ልጻፈው፤ ሌላውም ይጠቀምበታል።

ካንዴላውን ግቢያቸው ውስጥ አልፈቱትም። እኔው እየነዳሁ ወደ ጫጫ አቅጣጫ ወጣን። ቀጥ ያለው መንገድ ላይ ፍጥነቷን ሳልቀያይር እንድሄድ አደረጉኝ። ትንሽ እንደሄድን «አሁን ፍሪሲዮን ርገጪ። ሞተሩን አጥፊው፤ ቁልፉን ግን እንዳታወጪው፣ መሪው ይቆለፍብሻል» አሉኝ። በያዘችው ፍጥነት እየተንሸራተተች ዳር ያዘች። ካንዴላዎቹ እዚያው መንገድ ዳር በትኩሱ ወጡ። ምክንያቱን ሲያስረዱኝ፣ ካንዴላ የሚያሳየው መጨረሻ ላይ የሰራበትን ሁኔታ ነው። ቆሞ ሲንተከተክ በቆየ ሞተር ላይ ፈትተሽ ብታይው፣ የምታይው የመቆሙን ጥላሸት ነው፤ የመንገዱን አይነግርሽም አሉኝ።

ተለማማጇ ካርቶን ላይ አራት ቀዳዳ በስታ 1፣ 2፣ 3፣ 4 ብላ ጽፋ ነበር። እያንዳንዱን ካንዴላ በወጣበት ሲሊንደር ቁጥር ሰካችው። ቮልስ ላይ 1 እና 2 በቀኝ፣ በተሳፋሪው በኩል ናቸው። 3 እና 4 በግራ፣ በሹፌሩ በኩል። ያኛው ጋራዥ አራቱንም አንድ ቆርቆሮ ውስጥ ነበር የሚደባልቃቸው። ይህች ካርቶን ብቻዋን ስንት ነገር እንደነገረችን!

ጋሼ ጥቁሩን በጣታቸው ጠረጉትና ጣትሽን አምጪ አሉኝ። ደረቅ ነው፤ የምጣድ ጥቀርሻ ማለት ነው። «ዘይት ቢሆን ይረጥባል፣ ያብለጨልጫል፣ ከጣትሽም ቶሎ አይለቅም። ይሄ ያልተቃጠለ ቤንዚን ነው። ፋሻሽ ደህና ነው ልጄ።» ለነገሩ በግምት አላለፉትም። ስንመለስ የአራቱንም ሲሊንደር እመቃ (ኮምፕሬሽን) ለኩ፤ አራቱም ተቀራራቢ ሆኑ። በደጋ አየሩ ስስ ስለሆነ ቁጥሩ በሁሉም ላይ ዝቅ ይላል። የሚታየው በአራቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ሞተር ይውረድ የተባልኩት እንግዲህ ይህ ሳይለካ ነው።

ከዚያ ካንዴላዎቹን አቀያየሯቸው። የቀኞቹ ወደ ግራ፣ የግራዎቹ ወደ ቀኝ፣ ሁሉም ተጠርገው። ሁለት ቀን ንጂያትና ተመለሺ አሉኝ። ስመለስ ጥላሸቱ አሁንም በቀኝ ነው፤ ትናንት ነጭ የነበሩት ጠቁረዋል። «እንግዲህ ካንዴላው ጥፋት የለበትም። የተቀመጠበት ቤት ነው» አሉ። ገመዶቹንም እንዲሁ አቀያይረው አዩ። ያው።

እዚህ ላይ ነው ልቤን የነኩት። ካርቶኗን እያሳዩኝ እንዲህ አሉ፦ «ጥቁሩን ሁሉም ሰው ያየዋል። እኔ የምፈራው ነጩን ነው።» ካርቡራተሩ አንድ ነው። መሃል ተቀምጦ ለሁለቱም ወገን ያድላል። እሱ ብቻ ቢሆን ያበዛው አራቱም ይጠቁሩ ነበር። በአንድ ወገን ብቻ ነጭ ከሆነ፣ እዚያ ወገን ላይ ሌላው ወገን የሌለው ነገር እየገባ ነው ማለት ነው። አየር።

የኔ ቮልስ ሞዴል ላይ ከካርቡራተሩ ግራና ቀኝ የሚወጣው ቱቦ ከጫፎቹ ጋር የሚገናኘው በላስቲክ ነው፣ በየጎኑ አንድ አንድ። ሞተሩ እየሰራ ጋሼ በመርጫ ጠርሙስ ውሃ በስሱ ረጩበት። በቀኝ በኩል ምንም የለም። በግራ በኩል ውሃው ላስቲኩን እንደነካ የሞተሩ ድምጽ ተለወጠ። አንዳንዱ ይህን በቤንዚን ይሞክረዋል፤ በጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን መርጨት ግን እሳት መጥራት ነው ብለው አጥብቀው አስጠነቀቁኝ። ከዚያ ትንሽ መስታወት ከስር አስገብተው አሳዩኝ። ከፋሸታው (ከማሰሪያው ቀለበት) ስር፣ ከላይ በማይታይበት ቦታ፣ የጥፍር ያህል ስንጥቅ።

አስቡት። ለወራት የተሰቃየሁት በዚህች ስንጥቅ ነው። ያላግባብ አየር በግራ ይገባል፤ 3 እና 4 ቤንዚን ያንሳቸዋል፣ ካንዴላቸው ይነጣል፣ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል። ነዳጅ ስለቅ የሚተኩሰውም ከዚሁ የተነሳ ነው። ያኛው ጋራዥ መንቀጥቀጡን ለማስታገስ ቤንዚን ጨመረ። ግራው ትንሽ ተሻለው። ጤነኛው ቀኝ ግን ከልኩ በላይ ጠጣና ጠቆረ። በዚያ ላይ ደብረ ብርሃን ከባህር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። አየሩ ስለሚሳሳ ካርቡራተር ያለው መኪና ድሮውንም ቤንዚን ይበዛበታል። ስለዚህ እኔ ሶስት ጊዜ ካንዴላ የቀየርኩት ለጤነኞቹ ነው።

ያስደነገጠኝ ቀጥሎ ያሉት ነው። የቮልስ ሞተር በአየር ነው የሚቀዘቅዘው፣ ውሃ የለውም። ቤንዚን ያነሰው ሲሊንደር ይግላል። እንዲህ እየጋለ ወደ ሸዋ ሮቢት ሙቀት ሲወርድ ከከረመ መጨረሻው ቫልቭ ማቃጠል ነው። ከኔ ያረጀ ቮልስ ላላችሁ ደግሞ ይህን ጨምረው ነግረውኛል። በድሮዎቹ ላይ የዘይት ማቀዝቀዣው ወደ 3 ቁጥር የሚሄደውን አየር ይጋርደዋል፣ ስለዚህ 3 ቁጥር ከሌሎቹ ይልቅ ይግላል። የ3 ቁጥር ካንዴላ ብቻውን ነጣ ካለባችሁ ቸል አትበሉ።

ላስቲኩን በሲሊኮን ይለጥፉልኝ እንደሆነ ጠየቅኳቸው፤ ቅዳሜ ደርሶ ነበር። እምቢ አሉ። «ቤንዚን ይበላዋል። አባትሽን ይዘሽ ጣርማ በር ላይ ይለቅብሻል።» መርካቶ ሶማሌ ተራ ደውለው ሁለቱንም ላስቲክ አዘዙ፤ በማግስቱ በሚኒባስ መጣ። ደህና የነበረውን የቀኙንም ቀየሩት። እድሜያቸው እኩል ነው አሉ።

ካርቡራተሩን ሲፈቱት ቤንዚን የምታሳልፈዋ ባለቀዳዳ ነሐስ፣ ጂግለሯ፣ ከፋብሪካው በሚበልጥ ተቀይራ ተገኘች። ጋሼ የጂግለር ስብስባቸውን በባዶ የመርፌ ብልቃጦች ውስጥ በቁጥር በቁጥር አስቀምጠውታል። ለደብረ ብርሃን ብቻ ቢሆን ከፋብሪካውም አነስ ያለች ትሻላለች። ግን መጀመሪያ ቀን የት ትነጃታለሽ ብለው ጠይቀውኝ ነበርና አልረሱትም። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አነስ ያለችዋ ጂግለር መኪናዋ እዚያ ስትወርድ ቤንዚን ልታሳጣት ትችላለች። ስለዚህ የፋብሪካውን ልክ መለሱላት።

የቫልቭ ክፍተት የሚለካው ሞተሩ ፍጹም ሲቀዘቅዝ ነው። መኪናዋ እሳቸው ግቢ አደረችና ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ ውርጩ ሳሩ ላይ ሳለ፣ ጋቢያቸውን እንደለበሱ 0.15 ሚሊ ሜትር ላይ አስተካከሉት። የፑንቲናው (ለካንዴላው ብልጭታ ኤሌክትሪኩን የሚያቋርጠው) ክፍተት ደግሞ 0.4 ሚሊ ሜትር ሆነ። የቤንዚኑን ቱቦ ግን እኔ ሳልጠይቃቸው ቀየሩት። ደርቆ ተሰነጣጥቆ ነበር። ቮልስን በእሳት የሚያሳጣው ብዙ ጊዜ ይህ ቱቦ ነው፤ የሞተሩ አካል ማግኒዚየም ስላለበት አንዴ ከተያያዘ ማጥፋቱ ከባድ ነው። አባባን ኋላ ወንበር ላይ አስቀምጬ ከዚያ ቱቦ ጋር ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩ ሳስበው አሁንም ይዘገንነኛል።

ለእጃቸው የጠየቁኝ 2,500 ብር ነው። የእቃውን ደረሰኝ ለብቻ ሰጡኝ። አሮጌዎቹን ላስቲኮች፣ ቱቦውንና ትልቋን ጂግለር በፌስታል አድርገው አስረከቡኝ። «ያንቺ ናቸው፣ እያቸው» አሉ። ጋሼ፣ ይህን ሰው ካነበበልዎ፣ እጅዎን ይባርከው። እርስዎ ሁሉንም ነገር የነገሩኝ ለኔ ነው። ወንድሜም ያን ቀን አብሮኝ ነበር። ለተለማማጇም ትልቅ ምስጋና አለኝ። «አየር ነው እንዴ?» ብላ የጠየቀችው ካንዴላው ገና ሳይፈታ ነው። ይህች ልጅ የራሷን ጋራዥ ስትከፍት የመጀመሪያዋ ደንበኛ እኔ ነኝ።

ከጥገናው በኋላ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነድቻለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ደብረ ሲና አባባ ግቢ ውስጥ አራቱን ካንዴላ ፈታሁና በራሴ ካርቶን ላይ ሰካኋቸው። አራቱም አንድ አይነት ናቸው። የማኪያቶ ቀለም። አባባ መነጽሩን አድርጎ አንድ በአንድ አያቸው። ከዚያ «ሰውየውን አንድ ቀን አምጪልኝ፣ ምሳ ይብላ» አለኝ።

ልትሄዱ ለምታስቡ፦ እሁድ አይሰሩም። ጠዋት ብትሄዱ ይሻላል። ካንዴላውን ቤት ፈታችሁ እንዳትወስዱላቸው። በትኩሱ፣ መንገድ ላይ፣ ራሳቸው ማየት ይፈልጋሉ። ሰፈርተኛውን ስትጠይቁ ደግሞ «መካኒክ» አትበሉ፣ ጠባሴ ውስጥ መካኒክ ብዙ ነው። «የቮልሱ ጋሼ» በሉ።