የካሊፎርኒያ ሎተሪ፦ ጥሩ አገልግሎት፣ ግራ የሚያጋባ የመዝጊያ ሰዓት

የካሊፎርኒያ ሎተሪ ትኬት እንደ ልብ ይገኛል፤ ነዳጅ ማደያውም፣ የሰፈር ሱቁም ይሸጠዋል። ሰው የሚሳሳተው ሰዓቱ ላይ ነው። ፓወርቦል የተባለው የቁጥር ሎተሪ ሰኞ፣ ረቡዕና ቅዳሜ ምሽት 7፡59 ይወጣል፤ ሽያጩ ግን 7፡00 ላይ ይዘጋል (ሰዓቱ ሁሉ በአሜሪካ አቆጣጠር ነው)። ጨዋታው የብዙ ግዛቶች የጋራ ስለሆነ፣ ዕጣው ከመውጣቱ በፊት የሁሉም ሽያጭ መዘጋትና መረጋገጥ አለበት። ሌላው ጨዋታ፣ ሜጋ ሚሊየንስ፣ ማክሰኞና ዓርብ ምሽት 8፡00 ይወጣል፣ እስከ 7፡45 ይሸጣል። የሁለቱን ሰዓት ማደባለቅ ነው ዕጣ የሚያሳልፈው።

የስልክ መተግበሪያው ቁጥር መርጦ ለማዘጋጀት በጣም ምቹ ነው፤ ትኬት ግን አይሸጥም። መተግበሪያው የሚሰጠውን ኮድ ሱቅ ወስዶ ማስነበብ ግድ ነው። የሚቆጠረው ወረፋ የያዙበት ሰዓት ሳይሆን ማሽኑ ትኬቱን ያተመበት ነው፤ ጃክፖቱ (ትልቁ ሽልማት) ሲያብጥ ደግሞ ወረፋው ይረዝማል። ከመዝጊያው በኋላ የተቆረጠ ትኬት ለቀጣዩ ዕጣ ስለሚሆን፣ ከሱቁ ሳይወጡ ትኬቱ ላይ የታተመውን የዕጣ ቀን ማየት ያስፈልጋል። ለፓወርቦል 6፡30 ላይ ሱቅ መድረስ ይበቃል።