ሆን ብሎ የሚያዞር ሕክምና

ሉፐስ፣ ማለትም የሰውነት መከላከያ የራሱን አካል እያጠቃ ብግነት የሚያስነሳበት ሕመም፣ ከያዘኝ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። የመገጣጠሚያውን ሕመም ለምጄዋለሁ፤ ጆሮዬን ግን ጠርጥሬው አላውቅም። ሥራዬ የጽሑፍ እርማት ነው። አምና ቆሜ ሳየው ቀጥ ያለው ጽሑፍ፣ ስራመድ ይዘልብኝ ጀመር። ሲጨልም ደግሞ ግድግዳ ካልያዝኩ እግሬ ይከዳኛል።

ሁለቱንም ጆሮዬን ተራ በተራ በ30 እና በ44 ዲግሪ ውሃ እያጠቡ መረመሩኝ። ጤነኛ ሰው ይህን ሲያደርጉበት ዓለም ይዞርበታል፣ ዓይኑም ይርገበገባል። እኔ ጋደም ብዬ ጣሪያውን እያየሁ «ጎበዝ ነኝ» ስል፣ ለካ ክፉው ምልክት አለማዞሩ ኖሯል! የሁለቱም ጆሮ የሚዛን አካል ደክሟል። ሐኪሜ ብግነቱ ውስጠኛው ጆሮ ድረስ ሳይዘልቅ እንዳልቀረ ነገረችኝና ወደ ሚዛን ፊዚዮቴራፒ ላከችኝ።

እዚያ 10 ሳምንት ተመላለስኩ። ባለሙያዋ አንድ ፊደል የተጻፈበት ካርድ አስይዛኝ፣ ዓይኔን ከፊደሉ ሳልነቅል ራሴን ግራና ቀኝ እንድወዘውዝ አዘዘችኝ። ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ አቅለሸለሸኝ። «ይሄ ሕክምና ነው ቅጣት?» ስላት ሳቀች። የልምምዱ መነሻ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ እንግሊዝ ውስጥ ኮውቶርንና ኩክሲ የተባሉ ሐኪሞች ያዘጋጁት እንደሆነ፣ አንጎል የጆሮን ጉድለት በዓይንና በእግር መሸፈን የሚማረውም ትንሽ ሲያዞረው እንደሆነ አስረዳችኝ። ማዞሩ ሩብ ሰዓት አልፎ ከቀጠለ ግን አብዝተሻል ማለት ነው አለች።

በጣም የወደድኩላት ሉፐሱን አለመርሳቷን ነው። ልምምድ ብግነት አያጠፋም፤ እሱ የመድኃኒቱ ሥራ ነው። አንገቴ ወይም ቁርጭምጭሚቴ ባበጠ ቀን የቆመውን ልምምድ ትታ የተቀመጠውን ታሠራኛለች። ለወራት የዋጥኩት የማዞር ማስታገሻም አንጎል እንዳይላመድ ሊያዘገይ ስለሚችል «ሐኪምሽን ጠይቂ» አለችኝ እንጂ ራሷ አላስቆመችኝም። ከዚያ በፊት የሄድኩበት ቦታ ሦስት ጊዜ ራሴን ይዘው አገላብጠውኛል፤ ያ ከቦታቸው ለተነቀሉ የጆሮ ቅንጣቶች ደህና ዘዴ ነው፣ የእኔ ችግር ግን እሱ አልነበረም።

አሁን ወደ ወቀሳው። ሚዛን ለጠፋበት ሰው የተከፈተ ክፍል ፎቅ ላይ ነው፤ የደረጃው መደገፊያ ደግሞ እኩሌታው ላይ ያልቃል! ወለሉ መስታወት ይመስላል። ቀጠሮው ሁሉ ማለዳ ነው፤ መገጣጠሚያዬ ገና ሳይፍታታ። ለቤት የሚሰጡት ወረቀት ፊደሉ ጉንዳን ያህላል።

አሁን ቀስ ብዬ እየተራመድኩ የበር ላይ ጽሑፍ አነባለሁ። ጨለማ ላይ እጄ አሁንም ግድግዳ ይፈልጋል። ያንን ወረቀት በቀይ እስክሪብቶ አርሜ መልሼላቸው ነበር፤ በመጨረሻው ቀጠሮዬ በትልቅ ፊደል ታትሞ ጠበቀኝ። አንድ ስህተት ቀርቶበታል።