የወፍ ሁለት ጨጓራዎች፦ የሚያሟሟውና የሚፈጨው

ወፍ ጥርስ ስለሌላት፣ የዋጠችውን ምግብ የማላሙ ሥራ ተከታትለው ለሚገኙ ሁለት ጨጓራዎች የተተወ ነው። የመጀመሪያው እጢያማው ጨጓራ ሲሆን፣ የሚያመነጨው ሃይድሮክሎሪክ አሲድና ፔፕሲን ፕሮቲንን መሰባበር ይጀምራል። ሁለተኛው ጡንቻማው ጨጓራ ነው፤ ይበልጥ የሚያስደንቀኝም ይኸው ነው። የጥሬ በል ወፍ ጡንቻማ ጨጓራ ተሰንጥቆ ሲታይ፣ ወፍራም ቀይ ጡንቻና እንደ ቆዳ የጠነከረ ቢጫማ የውስጥ ሽፋን ያለው ሲሆን፣ በመካከሉም ወፏ የዋጠቻቸው ጠጠሮች ከጥሬው ጋር ተደባልቀው ይገኛሉ፤ ጡንቻው በተኮማተረ ቁጥር ጠጠሮቹ እንደ መጅ ሆነው ጥሬውን ያደቅቁታል። በሥጋ በል ወፎች ግን የሚፈጭ ጥሬ ስለሌለ የዚህ ክፍል ግድግዳ ስስ ነው፤ ጉጉትም ያልተፈጨውን አጥንትና ጠጉር እዚያው አድበልብላ መልሳ በአፏ ታወጣዋለች።