ሳይኮዳይናሚክ ወይስ ሲቢቲ? ለቴራፒ ብር ከማውጣታችሁ በፊት

ቴራፒ ለመጀመር የወሰነ የአዲስ አበባ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ጎበዝ ባለሙያ ታውቃለህ?» ብሎ ነው። ጥሩ ጥያቄ ነው። ግን በምን ጎበዝ? ሁለት ጎበዝ ባለሙያዎች ያንኑ ሰው በጣም በተለያየ መንገድ ሊይዙት ይችላሉ። አንዷ ወረቀትና እስክሪብቶ አውጥታ እቅድ ትነድፋለች። ሌላው «እሺ፣ ከየት እንጀምር?» ይልና ዝም ይላል። የመጀመሪያዋን ጠብቆ ሁለተኛው ጋር የገባ ሰው ብሩን የተበላ ይመስለዋል።

ስለዚህ ሁለቱን ጎን ለጎን እንያቸው። አንዱ ሳይኮዳይናሚክ የሚባለው የንግግር ሕክምና ነው። ሌላው ሲቢቲ ነው፤ አስተሳሰብና ባህሪ ላይ በቀጥታ የሚሠራው።

ታሪኩን ባጭሩ። የሳይኮዳይናሚክ ሥሩ የቪየናው ሐኪም ሲግመንድ ፍሮይድ ነው። ፊልም ላይ የምናየው ሶፋ ላይ መጋደም የሳይኮአናሊሲስ፣ ማለትም ፍሮይድ የጀመረው የመጀመሪያው ሕክምና፣ ነው፤ እሱ በሳምንት አራት አምስት ቀን ይፈልጋል። የዛሬው ሳይኮዳይናሚክ ከዚያ የወጣ፣ ቀለል ያለ ነው። ፊት ለፊት ተቀምጣችሁ፣ በሳምንት አንዴ ወይ ሁለቴ፣ ከ45 እስከ 50 ደቂቃ ታወራላችሁ። ሲቢቲን በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ፊላደልፊያ ውስጥ ያዳበረው አሜሪካዊው ሳይካትሪስት አሮን ቤክ ነው። ቤክ ራሱ በሳይኮአናሊሲስ የሠለጠነ ሰው ነበር። የሁለቱ ጠብ የዘመድ ጠብ ነው ማለት ይቻላል።

አንድ ሰው፣ ሁለት ክፍል

ሰንጋ ተራ አካባቢ ባንክ የሚሠራ ወጣት እናስብ። አለቃው በጠራው ቁጥር ላብ ያጠምቀዋል። ስብሰባ ላይ አፉ ይያዛል። የደረጃ እድገት ሁለቴ አልፎታል።

ሲቢቲ ጋር ቢሄድ ሥራው የሚጀምረው ከዚያች ቅጽበት ነው። አለቃው ሲጠራው በጭንቅላቱ ምን አለፈ? «ሊያባርረኝ ነው።» ይጻፋል። ማስረጃው ምንድን ነው? ባለፈው ወር ሲጠራው በርግጥ ምን ተፈጠረ? ከዚያ የቤት ሥራ ይመጣል። በዚህ ሳምንት ሳትጠራ አለቃህ ቢሮ ግባና አንድ ጥያቄ ጠይቅ፤ ከመግባትህ በፊት የፈራኸውን፣ ከወጣህ በኋላ የሆነውን ጻፍ። በሚቀጥለው ሳምንት ወረቀቱ ይታያል።

ሳይኮዳይናሚክ ጋር ቢሄድ ስለ አለቃው ያወራል። ከዚያ ሳያስበው ስለ ስምንተኛ ክፍል ሒሳብ አስተማሪው ያወራል። ከሳምንታት በኋላ ደግሞ የእግሩ ኮቴ ሲሰማ ቤቱ ጸጥ ይል ስለነበረው አባቱ። አንድ ቀን ስታዲየም ጋ መንገድ ተዘጋግቶበት ትንሽ ደቂቃ ይዘገያል። ሲገባ ይቅርታው አያልቅም፤ ድምፁ ይንቀጠቀጣል። ቴራፒስቱ ያኔ ዝም ብሎ አያልፈውም። «አሁን እኔ ምን የማደርግህ መሰለህ?» ይለዋል። የዚህ ሕክምና እምብርት እዚህ ጋ ነው። ከልጅነታችን ይዘነው የመጣነው ግንኙነት ክፍሉ ውስጥ፣ በባለሙያውና በእኛ መሀል ይደገማል። ባለሙያዎቹ ትራንስፈረንስ ይሉታል። ስለ ፍርሃቱ ማውራት ብቻ ሳይሆን ፍርሃቱን ሲፈራው እዚያው ያዩታል።

የትኛው ይሻለዋል? ችግሩ አለቃው ቢሮ በር ላይ የሚቆም ከሆነ እኔ ሲቢቲ እለዋለሁ። ከሚስቱ ጋር፣ ከታላቅ ወንድሙ ጋር፣ ከእድር ሰብሳቢው ጋር ሳይቀር ያው ከሆነ ግን ሳይኮዳይናሚክ።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

የመጀመሪያው ቀን ሁለቱም ጋር ይመሳሰላል። ምን አመጣህ፣ መቼ ጀመረ፣ እንቅልፍህ እንዴት ነው፣ መድኃኒት ትወስዳለህ፣ ራስህን የመጉዳት ሐሳብ መጥቶብህ ያውቃል? የመጨረሻው ጥያቄ አያስደንግጣችሁ። ለማንም የሚቀርብ ነው።

ልዩነቱ በኋላ ይመጣል። ሲቢቲ በየሳምንቱ አጀንዳ አለው። ሳይኮዳይናሚክ የለውም። የመጣላችሁን ሳትመርጡ ትናገራላችሁ፤ ሌሊት ያያችሁትን ሕልም፣ ታክሲ ውስጥ ያናደዳችሁን ነገር፣ ከእናታችሁ ጋር በስልክ የተባባላችሁትን። ቀላል ይመስላል። እኛ ግን «እንዴት ነህ?» ስንባል «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለን መዝጋት የለመድን ሰዎች ነን። ገመናን ለባዳ መዘርገፍ ጊዜ ይፈልጋል። ዝምታም ይኖራል። ሁለት ደቂቃ ዝምታ ከማይታወቅ ሰው ፊት በጣም ረጅም ነው።

የሀገራችንን ሰው በጣም የሚያበሳጨው ግን ምክር ማጣቱ ነው። ሽማግሌው ይመክራል። የንስሐ አባት ይመክራሉ። ታላቅ እህት ሳትጠየቅም ትመክራለች። ስለዚህ አንዲት ሴት ገብታ ስለ ባሏ «ልፍታው ወይስ ልታገሰው?» ትላለች። ቴራፒስቷ «ሁለቱንም ስታስቢ ምን ይሰማሻል?» ብላ ትመልስላታለች። «ይሄን ለመስማት ነው የከፈልኩት?» ብላ ብትወጣ አልፈርድባትም። ባለሙያዋ አሠራሯን ገና ከመነሻው ማስረዳት ነበረባት። ካላስረዱ እናንተ ጠይቁ። ከተናደዳችሁም ንዴቱን እዚያው አውጡት። በእድሜ ለሚበልጠን ባለሙያ «ቅር ብሎኛል» ማለት ነውር ይመስለናል፤ በዚህ ሕክምና ግን ያ ራሱ ሥራ ነው። ሲቢቲ ባለሙያም «ፍቺው» አይላችሁም፤ ቢያንስ ግን የሁለቱን ምርጫ ጥቅምና ጉዳት አብሯችሁ ወረቀት ላይ ያሰፍራል።

ሌላም አለ። ለፋሲካ አንድ ኪሎ ቡና ይዛችሁ ብትሄዱ፣ ሳይኮዳይናሚክ ባለሙያ ስጦታው ምን ሊል እንደፈለገ ሊጠይቃችሁ ይችላል። ሠርግ ብትጠሩትም አይመጣም። ኩራት አይምሰላችሁ።

መጀመሪያ ላይ ሊከብዳችሁም ይችላል። የተዳፈነ ነገር ሲነካ ሳምንቱ ይጨልማል፤ ሲቢቲም ከምትፈሩት ነገር ጋር ሲያፋጥጣችሁ እንደዚያው ነው። መክበድ ያለ ነው። እንቅልፍና ምግብ ጠፍቶ ሥራ መሄድ ካቃታችሁ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቁ ደውሉ።

ጊዜና ብር

ሲቢቲ አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 20 ሴሽን (አንድ ሴሽን አንድ ቀጠሮ ማለት ነው) ያልቃል። ሳይኮዳይናሚክ አጭርም አለው፤ 16 ሴሽን አካባቢ ወይም ትንሽ በለጥ ያለ። ረጅሙ ዓመትና ከዚያ በላይ ይሄዳል። ስለዚህ ስልክ ላይ የተነገራችሁን የአንድ ሴሽን ዋጋ መጀመሪያ በ16 አባዙት። ቀጥሎ በ45 አባዙት፤ በዓላትንና ዕረፍቱን ቀንሶ የአንድ ዓመት ግምት ነው። ሁለተኛው ቁጥር ካስደነገጣችሁ ጀምሮ በሦስተኛው ወር ከማቋረጥ አጭሩን መያዝ ይሻላል። ብዙ ባለሙያዎች ያለማሳወቅ ለቀራችሁበት ቀን ያስከፍላሉ። ስንት ሰዓት ቀድሞ መናገር እንደሚገባ ጠይቁ።

መንገዱንም ደምሩበት። ከአያት ወይ ከሳሪስ መጥቶ ካዛንቺስ 50 ደቂቃ ተቀምጦ መመለስ ግማሽ ቀን ሊበላ ይችላል። ሳይኮዳይናሚክ የሚፈልገው ደግሞ ያንኑ ቀንና ያንኑ ሰዓት በየሳምንቱ ነው። ከሥራ ቦታችሁ በእግር የሚደረስ ባለሙያ፣ ዝናው ከሚበልጥ ሩቅ ባለሙያ ብዙ ጊዜ ይሻላል። በቪዲዮ የሚሠሩም አሉ። ቤታችሁ ግድግዳው ስስ ከሆነና እናት በር ላይ የምታልፍ ከሆነ ግን አይሆንም።

ማስረጃውስ?

ሲቢቲ ብዙ የተጠና ስለሆነ «ብቸኛው ሳይንሳዊ» ሲባል ትሰማላችሁ። ያን ያህል አይደለም። በ2013 (እ.ኤ.አ.) የታተመ የአምስተርዳም ጥናት 341 የድባቴ ታካሚዎችን ለሁለት ከፍሎ፣ ለግማሹ ሲቢቲ ለግማሹ አጭር ሳይኮዳይናሚክ፣ 16 ሴሽን ሰጥቷል። ጉልህ ልዩነት አልተገኘም። ደስ የማይለውንም ልንገራችሁ፤ በማብቂያው ከድባቴ ሙሉ በሙሉ የወጡት ከአራት አንድ አይሞሉም ነበር። «በሁለት ወር አድንሃለሁ» የሚላችሁ ካለ ሽሹ።

እኩል ያልሆኑበት ቦታም አለ። እጅ መታጠብ ወይም በር መፈተሽ እየደጋገመ ለሚያስቸግረው ሰው፣ ድንገተኛ የሽብር ስሜት ለሚያጠቃው ሰው፣ ሊፍት ለሚፈራ ሰው የሲቢቲ ማስረጃ ይበልጣል። እዚህ ላይ አላመነታም።

የሌለ ድምፅ የሚሰማ፣ ለቀናት ሳይተኛ ጉልበቱ የማያልቅ ወይም ራሱን ለማጥፋት የሚያስብ ሰው ካለ ግን ምርጫው ከሁለቱም በፊት ነው። መጀመሪያ የሥነ አእምሮ ሐኪም ይየው። አማኑኤል አለ፤ ጳውሎስና ዘውዲቱም የሥነ አእምሮ ሕክምና ይሰጣሉ። ጸበል የሚሄድ ይሂድ፤ መድኃኒቱን ግን ሐኪሙን ሳያማክር አያቁም።

ስልክ ስትደውሉ

መሀል ከተማ ውስጥ «ካውንስሊንግ» የሚል ታፔላ ብዙ ነው። በሩ ላይ ሳይኮዳይናሚክ ወይ ሲቢቲ ብሎ የለጠፈ እምብዛም አታዩም፤ ብዙዎቹ ቀላቅለው ይሠራሉ። ስለዚህ መጠየቅ የእናንተ ድርሻ ነው። በክሊኒካል ወይ በካውንስሊንግ ሳይኮሎጂ ተምረዋል? ፈቃድ አለዎት? በየትኛው መንገድ ነው የሚሠሩት? የሚያማክርዎት ከፍ ያለ ባለሙያ አለ? የቤት ሥራ ይሰጣሉ? በነዚህ የሚቆጣ ባለሙያ ጋር አትሂዱ።

ምስጢርም ጠይቁ። ከተማው ትንሽ ነው፤ ያንን ባለሙያ የጠቆመችህ የአክስትህ ልጅ እሱው ጋር የምትመላለስ ልትሆን ትችላለች። ምስጢር የሚወጣበት ሁኔታም አለ፤ ለምሳሌ ሕይወት አደጋ ላይ ሲሆን። ይሄን ሳትጠይቁት የሚነግራችሁ ሰው ጥሩ ምልክት ነው። ተራ መጠበቂያ ክፍሉ ከሌሎች ቢሮዎች ጋር የጋራ መሆኑንም እዩ። ሰው አየኝ እያላችሁ እየተሳቀቃችሁ ከገባችሁ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች በከንቱ ይሄዳሉ።

አራት አምስት ሴሽን ሞክሩ። አሁንም የምትናገሩት የተመረጠ ነገር ብቻ ከሆነ ያንኑ ንገሩት፤ ስልክ አጥፍታችሁ አትጥፉ። ወይ አሠራሩን ያስተካክላል፣ ወይ ሌላ የሚሻላችሁ ባለሙያ ይጠቁማችኋል።