ሉክሶር ላይ መርከብ ልትይዙ ነው? መጀመሪያ ሂሳቡን እዩ

ግብፅ ደርሼ ከመጣሁ ወዲህ የሚደውልልኝ ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው። «ሉክሶር ላይ የቱን መርከብ እንያዝ?» ለእያንዳንዱ መመለስ ሰለቸኝ፣ እዚሁ ልጻፈውና ልረፍ።

ከሉክሶር፣ ማለትም ከጥንቷ ቴብስ፣ እስከ አስዋን በአባይ (ናይል) ወንዝ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወይ ትልቁን ባለ ሞተር መርከብ ትይዛላችሁ፣ ወይ ዳሃቢያ የሚሉትን ባለ ሸራ። ሁለቱንም ሞክሬያለሁ። ትልቁን አልወደድኩትም፣ ምን ያስደብቀኛል።

በ320 ዶላር ነበር የገዛሁት፣ አራት ሌሊት ከነምግቡ። ርካሽ መስሎኝ ነዋ! ሲሸጡልኝ የሚያብረቀርቅ መርከብ ፎቶ ላኩልኝ፣ ስደርስ «እሱ ጥገና ገብቷል» ብለው ሌላ ላይ ጫኑኝ። ክፍሉ ናፍጣ ናፍጣ ይላል። ደግሞ ወደቡ ላይ መርከቦቹ አራት አምስት ሆነው ጎን ለጎን ነው የሚታሰሩት፣ ወደ መሬት ለመውረድ የሌላውን መርከብ ሳሎን እያቋረጣችሁ ነው። ጠዋት መጋረጃዬን ስገልጥ ያየሁት ወንዙን ሳይሆን በካናቴራ ጥርሱን የሚቦርሽ ሰውዬ ነው።

ከዚያ ጭማሪው መጣ። የታሸገ ውሃና ለስላሳ 45 ዶላር፣ ጉርሻ 50፣ መንገድ ላይ ባለችው ኤድፉ ከተማ የፈረስ ጋሪ 10፣ መግቢያና አስጎብኚ 90። ጠቅላላ 515። ከሁሉም ያንገበገበኝ የውሃው ነው። አስዋን ከሚደርሰው ውሃ 85 በመቶ ገደማው ከኛ ተራራ ወርዶ የሄደ ነው፣ እኔ እላዩ ላይ ተቀምጬ በጠርሙስ እገዛለሁ። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይሏል ይሄ ነው።

አሁን ባለቤቴን ያሳቃት ሂሳብ። መርከቡ በአራቱ ሌሊት የተጓዘው 16 ሰዓት ያህል ነው። ሉክሶር ታስሮ አደረ፣ አስዋንም ታስሮ አደረ፣ በመሀል ኤስና የምትባል ከተማ ላይ የግድቡን የመርከብ ማለፊያ በር ለማለፍ ወረፋ ያዘ። ከ16ቱ ስምንቱን ተኝቻለሁ። 515ን ለቀረው ስምንት ሳካፍለው፣ ወንዙን ያየሁበት አንዱ ሰዓት 64 ዶላር!

ዳሃቢያው 980 ነበር፣ አራት ሌሊት፣ ምግቡም ውሃውም መግቢያውም አስጎብኚውም ያለበት። ጉርሻ 60 ጨመርኩ፣ 1,040። የሚነሳው ከኤስና ስለሆነ ከሉክሶር በመኪና ይወስዷችኋል። ሲመሽ ዳር ይዞ ያድራል፣ ስለዚህ ጉዞው ሁሉ በቀን ነው። 20 ሰዓት ቆጠርኩ፣ በሰዓት 52 ዶላር። ማነው አሁን ርካሹ? ጀበል ሲልሲላም ያቆማል፣ ፈርዖኖቹ የቤተ መቅደስ ድንጋይ ያስፈለፈሉበት ገደል ነው። የኔ ትልቁ መርከብ ዝም ብሎ ነው ያለፈው።

እንከን የለውም አልልም። ንፋስ ሲጠፋ በሞተር ጀልባ ይጎትቱታል፣ ያኔ ጫጫታና ጭስ አለ። ወንዙ ወደ ሰሜን ይፈሳል፣ ንፋሱ ግን ከሰሜን ነው የሚነፍሰው። ስለዚህ ከኤስና ወደ ደቡብ፣ ወደ አስዋን የሚሄደውን ያዙ፣ በተቃራኒው ከሆነ ሸራው ብዙም አይረዳችሁም።

አስመሳይም አለ። ሸራ ለጌጥ ሰቅሎ ቀኑን ሙሉ በሞተር የሚሄድ። ከመክፈላችሁ በፊት «ሞተር አለው? ሸራው በቀን ስንት ሰዓት ይዘረጋል?» በሉ። የመርከቡን ስም በጽሑፍ ተቀበሉ፣ «ከተቀየረ ገንዘቤ ይመለሳል» የሚል ይኑርበት። እኔ ይሄን አልጠየቅሁም፣ ናፍጣ ሳሸት አደርኩ።

«1,040 ከየት አመጣለሁ?» ለምትሉኝ፣ ያኔም ትልቁን ርካሽ መርከብ ተዉት። ሉክሶር ሆቴል እደሩ፣ ሦስት ሰዓት ገደማ በባቡር ተጉዛችሁ አስዋን ግቡና ፈሉካ የምትባለውን ትንሽ ባለ ሸራ ጀልባ በሰዓት ተከራዩ። ዋጋውን ሳትጨርሱ እንዳትሳፈሩ። ሌሊት ጀልባዋ ላይ እደሩ ካሏችሁ ግን መጀመሪያ ሽንት ቤቱ የት እንደሆነ ጠይቁ፣ የላትም።