ፖስትካርድ ላይ ኮላጅ (ቁርጥራጭ እየለጠፉ የሚሠራ ሥዕል) ለምትሠሩ፦ ስቲክ ሙጫ፣ ነጭ ሙጫ እና የሚንጠለጠለው የፕላስቲክ ኪስ

ከአዲስ አበባ መጀመሪያ ተመልሶ የመጣልኝ ካርድ ላይ አውቶብሱ የለም። የላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስ ፖስትካርድ ነው፣ ጣሪያው ላይ ያለው መስቀል ላይ የቆመ እንዲመስል አድርጌ ከድሮ መጽሔት የቆረጥኩትን የአንበሳ አውቶብስ ለጥፌበት ነበር የላክሁት፣ እህቴ ደግሞ ከጎኑ የድሮ ደብተር ሽፋን ቁራጭ ጨምራበት መለሰችው፣ የሷ ቁራጭ ንቅንቅ አላለም የኔ አውቶብስ ግን መንገድ ላይ ወድቆ የደረቀ የሙጫ ምልክት ብቻ ቀርቷል። በጣም ነው ያዘንኩት። በምን ነው የለጠፍሽው ብዬ ደውዬ ስጠይቃት "በኮላ ነዋ" አለችኝ፣ ያው አናጢዎች የሚጠቀሙበት ነጩ ኮላ። እኔ የለጠፍኩት በስቲክ ነበር።

እስካሁን 62 ካርድ በእጄ አልፏል፣ እዚህ አሜሪካ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ የሐበሻ ቡና ቤት ውስጥም ለሦስት ሳምንት ሰቅለናቸዋል፣ ስለዚህ የተጠቀምኩባቸውን ሦስት ዕቃዎች በደንብ አውቄያቸዋለሁ ብዬ ነው የምጽፈው።

ይሄ የካርድ መላላክ ሜይል አርት ይባላል፣ ለማታውቁት፣ ሥራውን ጋለሪ ከማስገባት ይልቅ በፖስታ ለሰው መላክ ማለት ነው። ሬይ ጆንሰን የሚባል የኒውዮርክ አርቲስት ለወዳጆቹ ኮላጅ እየላከ ጨምሩበትና መልሱልኝ ይላቸው ነበር፣ ያ ሁሉ የደብዳቤ መመላለስ እ.ኤ.አ. በ1970 ዊትኒ ሙዚየም ገብቶ ታየ። የመላላኩ ወግ ደስ ይላል፣ ጥሪ ይወጣል፣ ዳኛ የለም፣ መመዝገቢያ ክፍያ የለም፣ የመጣው በሙሉ ይሰቀላል። እኔም በዚሁ ወግ ከዘመድ ካርቶን የለቀምኳቸውን የድሮ "የ13 ወር ፀጋ" ዘመን ፖስትካርዶች ግማሽ ግማሽ ሠርቼ 80 ላክሁ፣ 62 ተመለሱ።

ወደ ዕቃው ልግባ። ስቲክ ሙጫው መጥፎ ነው አልልም፣ እጅ አያቆሽሽም፣ ወረቀቱን አያጨማድደውም፣ ቁራጩን የት ላድርገው እያላችሁ ስትሞክሩ ቶሎ ይነሳላችኋል። ግን ችግሩም እሱ ነው፣ ቶሎ ይነሳል። በተለይ ፊቱ የሚያብረቀርቅ ካርድ ላይ ሳምንት ሁለት ሳምንት ሲቆይ ጫፍ ጫፉ ይነሳና ካርዱ ያለ ፖስታ ራቁቱን ሲጓዝ የተነሳው ጫፍ ከሌላ ደብዳቤ ጋር እየተፋተገ ይገሸለጣል። ፖስታ ውስጥ ከትታችሁ የምትልኩት ከሆነ ተጠቀሙበት፣ ካርዱ ብቻውን የሚሄድ ከሆነ ግን እባካችሁ አትጠቀሙበት።

ነጩ ሙጫ፣ ፒቪኤ የሚባለው፣ የመጽሐፍ ጠራዦች የሚጠቀሙበት አሲድ የሌለው አይነት፣ እሱን ነው አሁን የምወደው። የእህቴ ኮላም ዘሩ ያው ነው፣ የጠራዦቹ ግን ሲደርቅ ትንሽ እንደ ጎማ ስለሚለጠጥ ካርዱ ሲታጠፍ አይሰነጠቅም። መጀመሪያ ግን አናዶኝ ነበር፣ የለጠፍኳቸው ስድስት ካርዶች በሙሉ እንደ ጀልባ ቆልመም ብለው አደሩ። ምክንያቱ ቀላል ነው፣ ሙጫው ውስጥ ያለውን ውሃ ወረቀቱ ጠጥቶ ይሰፋል ሲደርቅ ደግሞ ይሰበሰብና ካርዱን ወደራሱ ይጎትተዋል። አሁን የማደርገው በጣም ስስ አድርጌ በብሩሽ ከመሀል ወደ ዳር እቀባለሁ፣ ለጥፌ በጨርቅ እጫናለሁ፣ ከላይም ከታችም የዳቦ መጋገሪያ ወረቀት አድርጌ ከባድ መጽሐፍ ሥር አሳድረዋለሁ፣ ጠዋት ቀጥ ብሎ ይገኛል። የሚያብረቀርቅ ካርድ ከሆነ የምትለጥፉበትን ቦታ ብቻ በደቃቁ ብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብላችሁ አሹት፣ ያኔ ሙጫው የሚይዘው ነገር ያገኛል። ይሄን ካወቅሁ ወዲህ የላክሁት ካርድ ላይ አንድም ቁራጭ አልወደቀም።

አንድ ነገር ግን፣ እሱኑ ሙጫ ከላይ እንደ ቫርኒሽ አትቀቡት። እኔ እንዲያምር ብዬ አምስት ካርድ ቀብቼ ደራርቤ አስቀመጥኳቸው፣ ሙቀት ሲነካቸው እርስ በርስ ተጣበቁና ስለያያቸው የሁለቱ ፊት ተላጠ። የፖስታ ቤት ማህተምም እንደዛ ያለ ፊት ላይ ቀለሙ አይደርቅም፣ ይጨማለቃል።

ውፍረቱንም አስቡበት። አሜሪካ ውስጥ በፖስትካርድ ዋጋ ለመላክ ካርዱ ከ0.016 ኢንች መብለጥ የለበትም፣ 0.4 ሚሊሜትር አካባቢ ማለት ነው፣ ከዛ ካለፈ የደብዳቤ ዋጋ ትከፍላላችሁ። አንድ ድርብ የመጽሔት ወረቀት ብዙ ጊዜ ችግር የለውም፣ ካርቶንና ጨርቅ መደራረብ ሲጀመር ነው የሚያልፈው። ደግሞ ብዙ መለጠፍም አያስፈልግም እኮ፣ ኤልስዋርዝ ኬሊ የሚባለው አሜሪካዊ ሠዓሊ እ.ኤ.አ. ከ1949 እስከ 2005 ድረስ 400 ገደማ የፖስትካርድ ኮላጅ ሲሠራ ስንቱ ላይ አንድ የተቀደደ ወረቀት ባሕሩ ወይ ሰማዩ ላይ ጣል አድርጎ ነው የተወው፣ ዓይን ግን እዛው ይቀራል። ያን ካየሁ በኋላ እኔም ከአምስት ቁራጭ ወደ አንድና ሁለት ወርጃለሁ።

አሁን በጣም የምሟገትለት ጉዳይ ላይ ደረስኩ፣ አሰቃቀሉ። ካርዱን ግድግዳ ላይ መለጠፍ ግማሹን ሥራ መደበቅ ነው። ጀርባው ላይ ቴምብር አለ፣ ማህተም አለ፣ የሰው እጅ ጽሑፍ አለ፣ ከአገር ቤት የመጣ ከሆነ ፖ.ሣ.ቁ. አለ፣ ይሄ ሁሉ ካርዱ የተጓዘበት መንገድ ነው። ቤን ቮቲዬ የሚባለው ፈረንሳዊ አርቲስት በ1965 (እ.ኤ.አ.) የሠራው ፖስትካርድ ፊትና ጀርባ የለውም፣ በሁለቱም ገጽ የተለያየ ሰው አድራሻና ቴምብር ይደረግበታል፣ ለየትኛው ሰው እንደሚደርስ የሚወስነው ፖስታ ቤቱ ነው። እስቲ ይሄን ካርድ ግድግዳ ላይ እንዴት ትለጥፉታላችሁ?

ስለዚህ የገዛሁት ከላይ ወደታች የሚንጠለጠል፣ ፊቱም ጀርባውም ጥርት ብሎ የሚያሳይ፣ ስድስት ስድስት ኪስ ያለው ፕላስቲክ ነው፣ በናይለን ክር ከጣሪያው አንጠልጥለን በሁለቱም በኩል ሰው እንዲያልፍ አደረግን። ስትገዙ የፕላስቲኩ ዓይነት ፖሊፕሮፒሊን ወይም ፖሊስተር የሚል መሆኑን አረጋግጡ። መጀመሪያ ኦንላይን አዝዤ የመጣልኝ ፒቪሲ የሚባለው ሌላ ዓይነት ፕላስቲክ ነበር፣ ሲከፈት ሽታው ቤቱን ሞላው፣ ፒቪሲ ከጊዜ ጋር የሚያወጣው ነገር ደግሞ ቀለም ያነሳል ካርድም ያጣብቃል፣ መለስኩት። ሌላው ልኩ ነው፣ አራት በስድስት ኢንች የሚለው ወርዱ 10.2 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፣ ከድሮዎቹ ካርዶቻችን ብዙዎቹ ደግሞ 10.5 ናቸው፣ ኪሱ ልክክ ያለ ከሆነ አይገቡም፣ በግድ ስታስገቡ የለጠፋችሁት ይላጣል። ሰፋ ያለውን ግዙ። መስኮት ፊት ከሰቀላችሁት ያንጸባርቃል፣ እሱን በቦታ ምርጫ እንጂ በሌላ አላስተካከልኩትም።

ግን ሰዉ! አንድ ሸምገል ያሉ አባት ማኪያቷቸውን ይዘው መጥተው የካርዶቹን ፊት ብዙም ሳያዩ በጀርባ በኩል ዞሩና ማህተሙን አንድ በአንድ ማንበብ ጀመሩ፣ ይሄ ደሴ ነው፣ ይሄ ድሬዳዋ ነው እያሉ፣ አንዱ ላይ ሲደርሱ "ይሄን ጽሑፍ የጻፈው አስተማሪ መሆን አለበት" አሉ፣ እውነትም የላከችው ጡረታ የወጣች አስተማሪ ነች። አጠገባቸው ያሉ ልጆችም ዞረው መጡ። ግድግዳ ላይ ለጥፌው ቢሆን ይሄ አይሆንም ነበር።

በአጭሩ ለነጩ ሙጫ 5 ከ5፣ ለኪሱ ስለ ልኩና ስለ ማንጸባረቁ 4፣ ለስቲኩ 2 ሰጥቻለሁ።

የቤተ ጊዮርጊሱን ካርድ አውቶብሱን ሳልመልስበት፣ የሙጫው ምልክት እንዳለ፣ ከእህቴ ቁራጭ ጋር ነው የሰቀልኩት። ሁለት ያልተከፈቱ የኪስ ፕላስቲኮች ተርፈውኛል፣ ሜሪላንድ አካባቢ ያላችሁና ኤግዚቢሽን የምታስቡ ካላችሁ ጻፉልኝ፣ በነፃ እሰጣችኋለሁ።