ፍሪጅ በደሴ ማእድ ቤት፦ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ የተፈተነ ዕቃ

በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ባለ ሁለት በር ፍሪጅ ገዛን። ከላይ ፍሪዘር፣ ከታች ዋናው ክፍል፣ ከግርጌው ደግሞ የአትክልት መሳቢያ ያለው፣ 260 ሊትር የሚይዝና በደሴ ፒያሳ ዙሪያ በየመደብሩ የሚገኝ ዓይነት ነው። ኮምቦልቻ የምትኖረው እህቴም በዚያው ወር ያንኑ ሞዴል ስለገዛች፣ አንድ ዓይነት ዕቃ በ25 ኪሎ ሜትር ርቀት፣ በደጋና በወይና ደጋ አየር እንዴት እንደሚሠራ ጎን ለጎን ለማየት ችያለሁ። የምርቱን ስም አልጠቅስም፤ የማነሣቸው ጉድለቶች በአንድ ቴርሞስታት (ቅዝቃዜውን እየለካ ሞተሩን በሚያስነሣና በሚያቆም መሣሪያ) በሚሠሩ ፍሪጆች ሁሉ የሚታዩ እንጂ የአንድ አምራች ብቻ አይደሉም።

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። ዕቃው ለኮምቦልቻ ቤት ያለ ማመንታት የምመክረው ነው፤ ደሴ ላይ ግን የት እንደሚቆምና ምን እንደሚገባበት ሳያውቁ ከገዙት የገንዘቡን ግማሽ እንኳ አይሠራም። ብዙዎቻችን ፍሪጅ ስንገዛ እንደ ቁም ሣጥን እንቆጥረውና ድንቹንም፣ ሽንኩርቱንም፣ ዳቦውንም እናጭቅበታለን፤ ቦታ ሲሞላ ደግሞ በእርግጥ ቅዝቃዜ የሚያስፈልገው ወጥ ምድጃ ላይ እንደ ተከደነ ያድራል። እኔም የመጀመሪያውን ዓመት ያሳለፍኩት በዚህ ስሕተት ነው።

ከገዛን በኋላ መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር ሙቀቱን መለካት ነበር። አነስተኛ ቴርሞሜትር ውሃ በያዘ ብርጭቆ ውስጥ ነክሬ በየመደርደሪያው አንዳንድ ሌሊት አሳደርሁት። መካከለኛው መደርደሪያ 4 ዲግሪ፣ የኋላው ግድግዳ አጠገብ 1 ዲግሪ፣ በሩ ላይ ያለው የጠርሙስ ማስቀመጫ ደግሞ 9 ዲግሪ አሳየ። ምግብ የሚያበላሹና ሰው የሚያሳምሙ ባክቴሪያዎች በፍጥነት የሚራቡት ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሙቀት መካከል ስለሆነ፣ ፍሪጅ 4 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች፣ ፍሪዘር ደግሞ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ እንዲሆን ይመከራል። እንግዲህ ወተት እንዲቀመጥበት ተብሎ የተሠራው በሩ ለወተት የማይሆን ቦታ መሆኑ ነው። በተከፈተ ቁጥር የቤቱን አየር የሚቀበለው እሱ ነውና። በሩ ላይ አዋዜ፣ ሰናፍጭ፣ የተከፈተ የቲማቲም ድልህና የመጠጥ ውሃ አኑሬ፣ ወተቱን አፍልቼ ካቀዘቀዝሁ በኋላ በመካከለኛው መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ ከጀመርሁ ወዲህ ሳይጎመዝዝ አራተኛ ቀኑን ይይዛል። ዕንቁላል ካልታጠበ ደሴ ላይ ከፍሪጅ ውጭም ብዙ ቀን ይቆያል፤ አንዴ ከቀዘቀዘ ግን መልሶ ማውጣት ያልበዋልና እዚያው ይሁን።

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታዬ ልምጣ። መጀመሪያ ፍሪጁን ያቆምነው ከዋናው ቤት ተለይቶ በተሠራው ማእድ ቤት ውስጥ ነበር። ኅዳር ገብቶ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ ሲበረታ፣ አንድ ጠዋት ፍሪዘሩን ስከፍት ሥጋው በጣት ሲነካ የሚሰረጉድ ሆኖ አገኘሁት። መብራት አልጠፋም፤ ሞተሩም አልተበላሸም። ቴርሞሜትሩን ባስገባ ፍሪዘሩ ከዜሮ በታች 5 ዲግሪ ላይ ነበር፤ ማእድ ቤቱ ራሱ 8 ዲግሪ። ምክንያቱ በኋላ ገባኝ። ይህ ዓይነቱ ፍሪጅ ያለው አንድ ቴርሞስታት ብቻ ሲሆን፣ እሱም የሚያዳምጠው የታችኛውን ክፍል ነው። ክፍሉ ከውጭው ብርድ የተነሣ ሳይለፋ ከቀዘቀዘ ሞተሩ የሚነሣበት ምክንያት አያገኝም፤ ሞተሩ ካልተነሣ ደግሞ ከላይ ያለው ፍሪዘር ቅዝቃዜውን እያጣ ይሄዳል። በፍሪጁ ጀርባ ወይም በውስጥ ግድግዳው ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ያሉት ፊደላት ይህንኑ ይናገራሉ። «ኤን» ከ16 እስከ 32 ዲግሪ፣ «ኤስ ቲ» ከ16 እስከ 38፣ «ቲ» ከ16 እስከ 43 ዲግሪ ባለው ክፍል ውስጥ እንዲሠራ የተሠራ ማለት ሲሆን፣ «ኤስ ኤን» የሚለው ግን እስከ 10 ዲግሪ ድረስ ብርድ ይችላል። የእኛ «ቲ» ነው። ሻጩ ይህንን አልነገረንም፤ እኛም ለመጠየቅ አላወቅንም። ለኮምቦልቻና ለባቲ የተመቸው ያ ፊደል ለደሴ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት አይሆንም። መፍትሔው ቀላል ሆኖ ተገኘ፦ ፍሪጁን ሰው ወደሚውልበትና ወደሚያመሽበት ሳሎን አስገባነው፤ ከዚያ በኋላ ፍሪዘሩ እንደገና አልለሰለሰም።

ስለ ሥጋ ካነሣሁ አይቀር፣ የወሎ ግቢ ፍሪጅ የአንድ ቤት ብቻ አይደለም። እኛ ግቢ ክርስቲያንም ሙስሊምም ጎረቤት አለ፤ በፋሲካ የቅርጫ ሥጋችን፣ በአረፋ ደግሞ የጎረቤቶቻችን ሥጋ ይገባበታል። ሥጋው እንዳይቀላቀል የየራሱ ክዳን ያለው ዕቃ መድበናል፤ የእነሱ በፍሪዘሩ ላይኛው መደርደሪያ በአረንጓዴው፣ የእኛ በታችኛው በነጩ። ይህ መከባበር ለንጽሕናም ጠቅሞናል፤ ክዳን ያለው ሥጋ አይደርቅም፣ ደሙም ወደ ሌላ አይንጠባጠብም። የምንሳሳተው በአገባቡ ነበር። ገና ትኩስነቱ ያልለቀቀውን የበግ ሙዳ በትልቅ ፌስታል እንደታጨቀ ስናስገባ፣ ላይ ላዩ ሲደርቅ መካከሉ እስከ ማግሥቱ ለብ እንዳለ ይቆይ ነበር፤ አጠገቡ የነበረውንም አሞቀው። አሁን ለአንድ ወጥ የሚበቃውን እየለየን፣ ጠፍጠፍ አድርገን በትንንሽ ከረጢት ከፋፍለን፣ ቀኑን ጽፈን በእርከን እናስገባለን። ለነገ የሚሠራው ጥሬ ሥጋ ደግሞ በዋናው ክፍል ከሁሉም በታች ይቀመጣል፤ ከላይ ከተቀመጠ አንዲት ጠብታ ለሰላጣ የታጠበውን ቆስጣ ትበክላለችና። የቀለጠ ጥሬ ሥጋን ሳያበስሉ መልሶ ፍሪዘር ማስገባትም ተገቢ አይደለም። ቅዝቃዜ ባክቴሪያን ያስተኛል እንጂ አይገድልም፤ ሥጋው በቀለጠ ቁጥር ተኝቶ የነበረው ሁሉ ይነቃል። በደንብ የደረቀ ቋንጣ ግን ከጥንትም ፍሪጅ አልጠየቀም፤ እዚያ ቢገባ እርጥበት ከመሳብ በቀር የሚያተርፈው የለም።

በዚህ ፍሪጅ ከገባው ሁሉ ከባዱን አደራ የሰጡኝ ጎረቤቴ እማማ ናቸው። የስኳር ሕመምተኛ በመሆናቸው ያልተከፈተ ኢንሱሊናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው አምጥተው «ልጄ፣ ይቺ ነፍሴ ናት፤ አደራሽን» ብለው ሰጡኝ። እኔም ይበልጥ የቀዘቀዘ ይበልጥ ይጠበቃል ብዬ ከኋላው ግድግዳ አስጠግቼ አስቀመጥሁት። በሳምንቱ ሊወስዱ ሲመጡ ብልቃጡን አወጣሁና ወደ መስኮቱ ባሳየው፣ ውስጡ እንደ መርፌ የቀጠኑ የበረዶ ክሮች ተሻግረውበታል። ኢንሱሊን የሚቀመጠው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ነው፤ አንዴ በረዶ ከሠራ ግን ቢቀልጥም ኃይሉ አይታመንም፤ ሲያዩት ደግሞ ደህና ይመስላል። የዚያን ዕለት ከመድኃኒት ቤት ሌላ ገዝቼ ተካሁላቸው፤ ዛሬም ሳስበው ያን ሳላይ ሰጥቻቸው ቢሆን ኖሮ እያልሁ እደነግጣለሁ። አሁን ከነካርቶኑ ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ ሆኖ በመካከለኛው መደርደሪያ ፊት ለፊት ይቀመጣል፤ የቤቱ ልጅም ሁሉ አይነካውም። በመወጋት ላይ ያለው የተከፈተ ብልቃጥ እንደ ዓይነቱ ለአራት ሳምንት ያህል ከ25 ወይም ከ30 ዲግሪ በማይበልጥ ቤት ውስጥ ሊቆይ ስለሚችል፣ ደሴ ላይ ፍሪጅ የግድ አያስፈልገውም፤ እንዲያውም የቀዘቀዘ መርፌ ሲወጋ ይበልጥ ያማል። መብራት በሌለበት ቆላ ግን ሁለት የሸክላ ማሰሮ አንዱን በሌላው ውስጥ አስገብቶ፣ በመካከላቸው እርጥብ አሸዋ መሙላት ቅዝቃዜ ይሰጣል። በውሃ ተበጥብጠው የሚሰጡ የልጆች ሽሮፖችም አብዛኞቹ ቅዝቃዜ ይሻሉ፤ ወረቀታቸውን ማንበብ ወይም ፋርማሲስቱን መጠየቅ ያስፈልጋል።

የበሰለ ወጥ ከምድጃ ከወረደ በኋላ ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ መቆየት የለበትም። በትልቅ ድስት እንዳለ ከማስገባት ይልቅ በሁለትና በሦስት ጠፍጣፋ ዕቃ ከፍሎ፣ እንፋሎቱ ሲበርድ መክተት ይሻላል፤ በሦስት፣ ቢበዛ በአራት ቀን ውስጥም መበላት አለበት። ሽሮና ምስር ወጥ የጾም ስለሆኑ አይበላሹም የሚል እምነት በብዙ ቤት አለ፤ ውሃና ፕሮቲን የያዘ ምግብ በመሆናቸው ግን ልክ እንደ ሥጋ ወጡ ይበላሻሉ። አይብና እርጎም እዚያው ናቸው። ለጋ ቅቤ ፍሪጅ ይገባዋል፤ የተነጠረው ግን ውሃው ስለወጣለት ክዳኑ ከጠበቀና እርጥብ ማንኪያ ካልገባበት መደርደሪያ ላይ ይቆያል። ለጋውን ግን በደንብ ጠቅልሉት፤ ቅቤ የሽንኩርቱንም የነጭ ሽንኩርቱንም ሽታ ሁሉ ይስባልና።

እንጀራ ላይ እህቴና እኔ አንስማማም። ኮምቦልቻ ላይ በሦስተኛው ቀን ሻጋታ ስለሚጀምረው እህቴ በፌስታል ጠቅልላ ፍሪጅ ታስገባለች፤ ትክክል ነች። እኔ ዘንድ ግን በመሶብ ውስጥ ሦስት ቀን ያለ ሐሳብ ያድራል፤ ፍሪጅ ሲገባ ደግሞ ዳሩ እየደረቀ፣ ሲጠቀለል እየተሰበረ ያስቸግራል። ዳቦም እንዲሁ ነው፤ በፍሪጅ ቅዝቃዜ ውስጥ ስታርቹ ቶሎ ስለሚጠጥር ከውጭው ይልቅ ፈጥኖ ይደርቃል። ለብዙ ቀን መያዝ ካስፈለገ የፍሪዘሩ ቦታ ይሻላል። በሁለታችንም ቤት የጸናው አንድ ሕግ፣ ትኩስ እንጀራ በላስቲክ እንዳይጠቀለልና ሻጋታ የታየበትን ቆርጦ መብላት እንዳይኖር ነው፤ የሻጋታ ሥር ዓይን ከሚያየው በላይ ይዘልቃል። ለጉዞ የሚሄድ ሰው እርሾውን በብልቃጥ ፍሪጅ ውስጥ ቢተው ሲመለስ ያገኘዋል።

ቦታው ፍሪጅ አይደለም ብዬ ያስወጣሁትም ብዙ ነው። ድንች በቅዝቃዜ ስታርቹን ወደ ስኳር ይለውጣል፤ ሲጠበስም ይጠቁራል። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት በእርጥበቱ ይበሰብሳሉ፤ ነፋስ የሚያገኝ ቅርጫት ይበቃቸዋል፤ ከድንች ጋር ግን አይቀመጡ። ቲማቲም ጣዕሙን ያጣል፤ ሙዝ ይጠቁራል። ከመርሳ በኩል የሚመጣልን ማንጎ ሳይበስል ከገባ ሳይጣፍጥ ይቀራል፤ ከበሰለ በኋላ ግን ጥቂት ቀን ይቆይለታል። ማር ይረጋል። ቡና ሽታ ይጠጣል። በርበሬ በደንብ ደርቆ ከተፈጨና አየር በማያስገባ ዕቃ ከታሸገ ደሴ ላይ መደርደሪያ ይበቃዋል። አረንጓዴ ቃሪያ፣ ጎመንና ካሮት ግን በትክክል የመሳቢያው ናቸው፤ ሳይታጠቡ፣ በጨርቅ ወይም በወረቀት ተጠቅልለው።

ስለ መብራት መጥፋት ማንም ወሎዬ ማብራሪያ አይፈልግም። በሩ ካልተከፈተ ዋናው ክፍል ለአራት ሰዓት ያህል፣ የሞላ ፍሪዘር ደግሞ እስከ 48 ሰዓት ይይዛል፤ ግማሽ ብቻ ከሞላ ግን 24 ሰዓት ነው። ስለዚህ ፍሪዘሩ ባዶ ሲሆን የውሃ ጠርሙስ እሞላበታለሁ። መብራቱ ሲመለስ ከሚመጣው ከፍተኛ ኃይል የሚጠብቅ፣ ሞተሩንም ጥቂት ደቂቃ አሳርፎ የሚያስነሣ ስታቢላይዘር ከመጀመሪያው ቀን ገጥመናል፤ እህቴ ሳትገጥም ቆይታ በሁለተኛው ክረምት ሞተር ለማስጠገን ተገድዳለች።

የቀረው የበሩ ጎማ ነው። በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ በታችኛው ጥግ በኩል መሰንጠቅ ጀመረ። የብር ኖት በሩ ውስጥ አስገብቼ ዘግቼ ስስበው በሌላው በኩል ሁሉ ይይዛል፤ በዚያ ጥግ ግን ያለ ምንም ትግል ወጣ። በለብ ያለ ውሃና በሳሙና አጽድቼ ጥቂት ወራት ገፋሁበት፤ ባለፈው ወር ግን ኮምቦልቻ ተገኝቶ ተቀየረ፤ ቴርሞሜትሩም መካከለኛው መደርደሪያ ላይ እንደገና 4 ማሳየት ጀመረ።